ከዛፉ ሥር የቆመው ጋሪ

ጋሪ ሳይመልሱ የሚሄዱ ሰዎች ሁሉ መልሳቸው አንድ ነው። ዕቃቸውን መኪናቸው ላይ ጭነው፣ ባዶውን የሱፐርማርኬት ጋሪ በሁለት መኪናዎች መሀል ገትረውት ሲሄዱ ለምን ብላችሁ ብትጠይቋቸው ፈገግ ይሉና "ሰብሳቢው ሥራ እንዳይፈታ ብዬ ነው" ይሏችኋል። ይህን ስሰማ ደሜ ይፈላል። ስንፍናውን ቸርነት ቀብቶ የሚያሳየኝን ሰው ያህል የሚያናድደኝ የለም። በዚህ አያያዝ መንገድ ላይ ቆሻሻ የሚጥለው ለጠራጊዎች አሳቢ፣ ሰው የሚደበድበውም ለሐኪሞች ተቆርቋሪ ነው ማለት ነው።

ቁጣውን የወረስኩት ከእናቴ ነው፤ አላፍርበትም።

እናቴ ጡረታ እስክትወጣ ድረስ የቀዶ ሕክምና ክፍል ነርስ ነበረች። ሰፈሩም ሱፐርማርኬቱም እስከ ዛሬ "ሲስተር" ነው የሚላት፤ የወጣላት ስም እንዳለ የረሱ ዘመዶችም አሉን። በዚያ ክፍል አንድ የማይጣስ ሕግ አለ፤ ቆጠራው ሳያልቅ አይሰፋም። መቀሱም፣ መቆንጠጫውም፣ ደም የጠጣው የጎዝ ጨርቅም ወደ ትሪው ካልተመለሰ የበሽተኛው ሆድ አይዘጋም። አንድ ቀን አንድ ጎዝ ጎደለ። ሁሉም ደክሟል፤ ሐኪሙም ቸኩሏል። እናቴ የመስፊያውን መርፌ አልሰጥም ብላ ክፍሉን በሙሉ በእንብርክክ አስፈለገች። ጎዙ የተገኘው ከራሷ ጫማ ሥር ነበር። አብሯት የሠራ ሰው ሁሉ ይህን ታሪክ ሲነግረን የሚያደንቀው መርፌውን መከልከሏን አይደለም። በዚያ ሁሉ ዓይን ፊት ጫማዋን አንስታ "የኔ ነው" ማለቷን ነው። ከዚያ መርፌውን ሰጠች፤ ሥራው ቀጠለ።

ሕጉ ከሆስፒታሉ አብሯት ቤት ገባ። በቤታችን የተነሳ ነገር ሁሉ ወደ ቦታው ይመለሳል፤ መቀስም ይሁን ማበጠሪያ፣ ከጎረቤት የተዋስነው መሰላልም ይሁን። ከሱፐርማርኬት ስንወጣ ጋሪ የመመለሱ ተራ የወንድሜና የእኔ ነበር። አንዴ ዝናቡ ዶፍ ሲሆን ወንድሜ ጋሪውን ጣለና ሮጦ መኪና ውስጥ ገባ። እናቴ አልተቆጣችም፤ ቁልፉን ግን አላዞረችም። ሁለት እጇን መሪው ላይ አድርጋ ወደ ፊት እያየች ተቀመጠች። ወንድሜ አለቀሰ፣ ብርድ ነው አለ፣ ወደ እኔ እያመለከተ እሷን ለምን አትልኪያትም አለ። በመጨረሻ ወጣ፤ እንደ ጨርቅ ርሶ ተመለሰ። እሷ ፎጣ ሰጠችውና ሞተሩን አስነሳች። ዛሬ ወንድሜ ሌላ ከተማ ትልቅ ሰው ሆኗል፤ በስልክ ሲያወራን እንኳ ጋሪ መልሶ እንደመጣ ሳይነግራት አይዘጋም።

አሁን የእናቴ ጉልበት ታሟል። ይህን በቤታችን ጮክ ብሎ የሚናገረው ሰው የለም። ሐኪሟ ከሱፐርማርኬቱ መግቢያ አጠገብ፣ ለአካል ጉዳተኞች በተተወው ቦታ እንድታቆም የሚፈቅድ፣ መኪና ላይ የሚለጠፍ ምልክት ሰጥቷት ነበር። አመስግና ተቀበለችው። ምልክቱ ወጥ ቤት መሳቢያ ውስጥ፣ ከተሰበሩ ማንኪያዎችና ከማይሠሩ ባትሪዎች ጋር ተቀበረ። ምክንያቷን ስጠይቃት ቦታው ለደከሙ ሰዎች የተተወ መሆኑን አስረዳችኝ፤ እኔ እንደማላውቅ አድርጋ። ወንድሜ እጀታው የተጠረበ የሚያምር ከዘራ ላከላት። ከዘራው ጓሮ ተተክሎ ቲማቲም ይደግፋል።

እሷ የምታቆመው ከማቆሚያው መጨረሻ፣ ከትልቁ ዛፍ ሥር ነው። እዚያ በብረት ዘንግ የታጠረ የጋሪ መመለሻ አለ፤ ራቅ ብለው ለሚያቆሙ ሰዎች የተሠራ። ገዝታ ስትመለስ ዕቃዋን ትጭናለች፣ ጋሪውን እዚያው አጠገቧ ካለው መመለሻ ትከታለች፣ ዘንጉን ያዝ አድርጋ መኪናዋ ትገባለች። ለመመለስ የሚመች ቦታ ነው። ለመሄድ ግን ክፉ ነው። ማታ ማታ ሰብሳቢው መመለሻውን ባዶ አድርጎ ጋሪዎቹን በሙሉ ወደ ዋናው በር ስለሚወስዳቸው፣ ቅዳሜ ጠዋት ሱፐርማርኬቱ ሲከፈት ከዛፉ እስከ በሩ ያለው ሜዳ ራቁቱን ነው፤ ዛፉ አጠገብ ከሚያድሩት ጥቂት መኪኖች በቀር የሚያዝ ነገር የለውም። ሰብሳቢውን "ባቡሩ" ይሉታል፤ ጋሪዎቹን አንዱን ባንዱ ውስጥ ሰክቶ፣ ረጅም ሰልፍ አድርጎ፣ ከኋላ እየገፋ "ዞር በሉ፣ ፍሬን የለውም" ስለሚል።

ነገሩ የጀመረው አንድ ቅዳሜ ጠዋት እናቴ መኪናዋን አቁማ በሩን ስትከፍት አጠገቧ አንድ ጋሪ ቆሞ ባገኘች ጊዜ ነው። መመለሻው እዚያው ነው፤ ጋሪው ግን ውጭ፣ ልክ እሷ በምትወርድበት በኩል ተገትሯል። የማታ ገበያተኛ ጥሎት የሄደ መሰላት። ተናደደች፤ ያዘችው፤ እስከ ዋናው በር ገፋችው፤ ገበያዋን ገዛችበት፤ መልሳ ከቦታው አስገባችው። በሚቀጥለው ቅዳሜም ሌላ ጋሪ እዚያው ቆሞ ጠበቃት። ከዚያ በኋላ ሳያሰልስ ቀጠለ።

ቅዳሜ ምሳ የምንበላው እሷ ቤት ነው። የዚያን ሰሞን የገበታው ወሬ ሁሉ ጋሪው ሆነ። እናቴ ፊቷ ቀልቶ፣ ዓይኗ በርቶ፣ ባለጌውን ከእግር እስከ ራሱ ስትዘረዝረው እኔ በኩራት አያታለሁ። ጋሪውን እንደ በሽተኛ አልጋ እየገፋች፣ ቀጥ ብላ፣ መኪኖቹን በአንገቷ ብቻ ገለል በሉ እያለች ወደ በሩ ስትሄድ ይታየኛል። ያ ቁጣ ዕድሜዋን ያቀለለላት ይመስለኝ ነበር።

ባሌ ዝም ብሎ ይበላል። የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ነው፤ የመስመሩ የመጨረሻ ፌርማታ ከሱፐርማርኬቱ ማቆሚያ ጋር አጥር ይጋራል። ከተጋባን ወዲህ እናቴ ዝምታውን አልወደደችለትም። ይህ ሰው የሚናገረውን ሁሉ ለተሳፋሪ ጨርሶ ነው ወይ የሚመጣው ትለኛለች። እሱን ስትጠራው "አቶ ሹፌር" ነው የምትለው፤ እሱም እንደ ሰው ሁሉ "ሲስተር" ይላታል። አንድ ቅዳሜ ቁጣዋ ወደ እሱ ዞረ።

"አቶ ሹፌር፣ አንተ ስንት ዓይነት ሰው ስታመላልስ ትውላለህ። መመለሻው አፍንጫው ሥር ሆኖ ጋሪ ሜዳ ላይ የሚጥለውን፣ ምን ዓይነት እናት ናት ያሳደገችው?"

ባሌ የጎረሰውን ረጋ ብሎ አላመጠ። "እናቱስ ደህና ሴት ሳትሆን አትቀርም" አለ። "ልጁ ነው ያልሰማት።"

"ታውቀዋለህ እንዴ?"

"በመልክ ነው።"

በመልክ የሚያውቀውን ሰው አንድ ቀን እጁን ይዞ እንዲያመጣላት አዘዘችው። እሞክራለሁ አለና ውሃ ቀዳ።

እናቴ ግን ሰው እስኪያመጣላት የምትጠብቅ አይደለችም። የሱፐርማርኬቱ ሥራ አስኪያጅ ቢሮ ገባች። ሥራ አስኪያጁ ክራቫቱ ከአንገቱ የማይላላ፣ ትዕዛዝ መስጠት የሚወድ ሰው ነው፤ እንደ እሷ ያለ ደንበኛ ሲያገኝ በዓል ሆነለት። ከሚቀጥለው ቅዳሜ ጀምሮ በር ከመከፈቱ በፊት ዛፉ ሥር ጥበቃ ሊያቆምላት፣ ሜዳ ላይ ጋሪ ከተገኘም ባቡሩን ተጠያቂ ሊያደርግ ቃል ገባ። ባቡሩ እዚያው በር ላይ ቆሞ ይሰማ ነበር። ስትወጣ ተከትሏት፣ ሲስተር ይተዉት፣ አንድ ጋሪ ማንን ይጎዳል ብሎ ለመናት። እሷም ጋሪ እየሰበሰበ የሚኖር ሰው ለሚበትነው ጠበቃ ሲቆምለት ማየት እንደሚያሳዝናት ነግራው ሄደች።

ይህን ሁሉ ገበታ ላይ ስትተርክ ባሌ ማንኪያውን አስቀመጠ። ጥበቃው የእውነት ይቆማል ወይ ብሎ ጠየቃት።

"ይቆማል። ምነው፣ አሳዘነህ?"

"ትንሽ" አለ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ የዱቄት ከረጢት የምትገዛ ስለነበረ እንድከተላት ፈቀደች። ዛፉ ሥር ስንደርስ ጥበቃው ቆሟል፤ በኩራት ሰላምታ ሰጣትና ዛሬ አካባቢው ንጹሕ መሆኑን አበሰራት። እውነትም ንጹሕ ነበር። አመሰገነችው። የመኪናዋን በር ከፈተች፣ እግሮቿን አወጣች፣ የበሩን ጫፍ ይዛ ተነሳች። ከዚያ አልተንቀሳቀሰችም።

እኔ ወደ በሩ መንገድ ጀምሬ ነበር። ዞር ስል በሩን እንደያዘች፣ ሰው እንደጠፋበት ሰው ግራና ቀኝ ታያለች። ከዚያ ለቀቀችው። አንድ እጇን ከጎኗ ያለው መኪና ኮፈን ላይ አሳረፈች። ከዚያ ወደ ቀጣዩ መኪና። ከዚያ ወደ ቀጣዩ። የአንዱን መኪና መስታወት በጣቷ ነካ አድርጋ ሰው መኪናውን እንዲህ አቆሽሾ እንዴት ያድራል አለችኝ፤ የሌላውን ጎማ እንደምትመረምር ጎንበስ አለች። ላቧ ግንባሯ ላይ ወጥቷል። የተደረደሩት መኪኖች ያለቁበት ቦታ ስትደርስ ቆመች። ከፊቷ በሩ ድረስ ባዶ አስፋልት ነበር።

"አሁን ትዝ አለኝ" አለች። "ዱቄት ቤት አለ።"

ዱቄት ቤት እንደሌለ ሁለታችንም እናውቃለን። ክንዴን ልሰጣት ስጠጋ እንደ ልጅነቴ አየችኝ፤ ቆምኩ። በመጣችበት በኩል፣ መኪኖቹን አንድ በአንድ እየዳሰሰች ተመለሰች። ጥበቃው ምን ረስተው ነው ሲስተር ብሎ ጠየቃት፤ ምንም አለችው።

በሳምንቱ መሀል ቤቷ ስሄድ ከእንግዲህ ገበያውን አንቺ ሂጂልኝ አለችኝ። ሰልችቷታል፤ ሰዉ ጨዋነት የለውም፤ አትክልቱም እንደ ድሮ አይደለም። የመኪናውን ቁልፍ ከበሩ አጠገብ ካለው ምስማር ላይ አወረደችና ወጥ ቤት ገብታ፣ ያን የተሰበሩ ማንኪያዎች መሳቢያ ከፍታ፣ እዚያ ውስጥ ጣለችው። ዕድሜዬን ሙሉ እናቴ አንድ ዕቃ ከቦታው ውጭ ስታስቀምጥ ያየሁት ያን ቀን ነው። የተጣለው ቁልፍ ብቻ አልነበረም። ቅዳሜዋ፣ መንገዷ፣ ከሰው ጋር የምትጣላበት ሜዳ አብሮ ተጣለ። እንዲህ ሆነው ከቤት የቀሩ ሽማግሌዎች አውቃለሁ፤ መጀመሪያ ገበያ ይሰለቻቸዋል፣ ቀጥሎ ጎረቤት፣ ቀጥሎ መስኮቱ ራሱ።

ቤት ገብቼ ባሌ ዩኒፎርሙን ሳያወልቅ ነገርኩት። ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

"ጋሪውን የማቆመው እኔ ነኝ" አለ።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ ከአውቶቡሱ ከፍ ያለ ወንበር ላይ ሆኖ ተሳፋሪ ሲጠብቅ፣ እናቴን አጥሩን አሻግሮ አያት። እኔ ያን ቀን ያየሁትን ነው ያየው፤ ከኮፈን ወደ ኮፈን፣ ከዚያም ባዶውን አስፋልት ብቻዋን፣ አሥሬ እየቆመች። ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ ፌርማታው ላይ ሲደርስ ይወርዳል፣ ከዋናው በር አንድ ጋሪ ይወስዳል፣ ዛፉ ሥር ያቆማል፣ ወደ አውቶቡሱ ይመለሳል። ባቡሩ ያውቃል፤ ጋሪም የሚመርጥለት እሱ ነው።

ተቆጣሁ። መቼም እኔ ተቆጥቼ ነው የማስበው። ከእኔ ለምን ደበቅከኝ አልኩት፤ ብነግርሽ ዝም ማለት አትችይም አለኝ። ታዲያ ለምን ክንድህን አልሰጠሃትም፣ ለምን ከመመለሻው ውስጥ በወጉ አላስቀመጥከውም፣ ለምን እንደ ባለጌ ሜዳ ላይ ትጥለዋለህ አልኩት።

"ከዘራውን የት እንዳደረገችው ታውቂያለሽ" አለ። "እናትሽ እርዳታ ስትሰጫት አትወስድም። ጥፋት ስትሰጫት ግን ልታርመው ትነሳለች።"

ካገባሁት ጀምሮ በአንድ ትንፋሽ ይህን ያህል ሲናገር ሰምቼው አላውቅም። ያን ምሽት ሳየው፣ እናቴን ከእኔ ይልቅ እሱ አንብቧታል አልኩ፤ ቀናሁም፤ ኮራሁም።

ቅዳሜ እንደገና ሊያቆመው ተስማማን። ጥበቃውን ባቡሩ ሰልፉን አብረን እንግፋ ብሎ ወደ በሩ ይወስደዋል። የእኔ ሥራ እናቴን ማምጣት ነው። ዓርብ ቤቷ ሄጄ፣ ወሬ እንደማወራ ሆኜ፣ ያ ጋሪ ጣይ ጥበቃ ፈርቶ ቀረ ብለው ሰዎች ሲስቁበት እሱ ግን ነገ እመጣለሁ ብሏል አሉ አልኳት።

"ማን አለ?"

"ሹፌሮቹ።"

ሻይዋን ጨርሳ ስኒውን አጠበች፣ ወደ ቦታው መለሰች። ከዚያ መሳቢያውን ከፍታ ቁልፉን አወጣችና ምስማሩ ላይ ሰቀለችው።

ያላሰብነው ሥራ አስኪያጁን ነበር። ትዕዛዙ መከበሩን በዓይኑ ሊያይ በጠዋት መጥቶ ኖሯል። እኛ ስንደርስ ዛፉ ሥር ሰው ተሰብስቧል። ሥራ አስኪያጁ መሀል ቆሟል፤ ጥበቃው ጎኑ ነው፤ ባቡሩ አንገቱን ደፍቷል። ባሌ ዩኒፎርሙን እንደለበሰ፣ አንድ እጁ ጋሪው ላይ፣ መሬት መሬት ያያል። አጥሩ ማዶ አውቶቡሱ በሩን ከፍቶ ቆሟል፤ ተሳፋሪዎቹ በመስኮት አንገታቸውን አውጥተዋል።

እናቴ መኪናዋን በቦታዋ አቆመች። ሥራ አስኪያጁ የማን አማች እንደያዘ አያውቅምና በድል አድራጊ ፊት ወደ መስኮቷ ጎንበስ ብሎ፣ ሰውየው እጅ ከፍንጅ መያዙን፣ ያውም ስንፍና እንዳይባል ጋሪውን ከዋናው በር ድረስ ገፍቶ አምጥቶ ሆን ብሎ እዚህ እንደሚጥለው፣ ለአውቶቡስ ድርጅቱም ዛሬውኑ እንደሚያሳውቅ ነገራት። ከዚያ ወደ ባሌ ዞሮ ሰው ሁሉ እየሰማ ለምን እንደሚያደርገው ጠየቀው።

"እንዲሁ ነው" አለ ባሌ። "ልማድ ሆኖብኝ።"

አንዲት ሴት "ዩኒፎርም ለብሶ እንዲህ!" ስትል አዘነች። ከኋላዋ አንዱ፣ ሰብሳቢው ሥራ እንዳይፈታ ብሎ ይሆናላ አለ፤ ሰዎች ሳቁ። ያችኑ ቀልድ። አፌን ከፈትኩ። ባሌ ቀና ብሎ አየኝ፤ አንድ ጊዜ ብቻ። ዘጋሁት። የሚዋረድላት ሴት መኪናው ውስጥ መሆኗን ያየ ዓይን ነበር፤ ተይ፣ እኔ ላይ ይለቅ የሚል።

እናቴ አልወረደችም። በመስኮቱ ጋሪውን ታያለች። የጋሪው እጀታ ወደ እሷ ዞሯል፤ በሩን ከፍታ እጇን ብትዘረጋ ልክ የሚያርፍበት ላይ። በቀዶ ሕክምና ክፍል መቀስ ለሰው የሚሰጠው እንዲህ ነው፤ እጀታው ወደሚቀበለው እጅ ዞሮ። ይህን ለሰው ስታስተምር ነው የኖረችው። ዓይኗ ከእጀታው ወደ ባዶው አስፋልት፣ ከአስፋልቱ ወደ ዋናው በር፣ ከበሩ ተመልሶ ወደ ባሌ ሄደ። ምን እንደምታስብ አልነገረችኝም። ግን ፊቷን አውቀዋለሁ፤ የጎደለው ጎዝ የት እንዳለ ያገኘች ሰው ፊት ነው።

በሩን ከፈተች። እጇን ዘረጋች፣ እጀታውን ያዘች፣ ተደግፋ ተነሳች።

"ልጄን ተዉት" አለች። "ባለጌ አይደለም። ጋሪው የኔ ነው።"

ሥራ አስኪያጁ ግራ ገባው። እናቴ ጉሮሮዋን ጠረገች። ስትናገር ድምፅዋ ከፍ ያለ አልነበረም፤ ግን አጥሩ ማዶ ያሉት ተሳፋሪዎች ሳይቀሩ ሰሙት።

"ጉልበቴ ታሟል። ከዚህ እስከዚያ በር የምይዘው ነገር ከሌለ መሄድ አልችልም። ይህን ከልጆቼም ደብቄ ነበር። እሱ ግን አይቶኛል፤ እኔ እንዳላፍር ብሎም በየሳምንቱ ገበታዬ ላይ እየተሰደበ ዝም አለ። ዛሬም በሰው ፊት ሊሰደብልኝ ቆሟል። ለድርጅቱ የምታሳውቁት ነገር ካለ ይህን አሳውቁ።"

የቀለደው ሰውዬ የመኪናውን ቁልፍ ኪሱ ውስጥ መፈለግ ጀመረ። ሥራ አስኪያጁ ክራቫቱን አላላ፤ ከዚህ ቀደም ያላየሁት ነገር ነው። ይህን ብናውቅ ኖሮ አንድ ሠራተኛ መድበን በሩ ድረስ እናደርስዎት ነበር፣ ከዛሬ ጀምሮ ይመደባል፣ ምንም አይቸገሩም አላት።

"ሠራተኛ አልጠየቅኩም" አለች። "ይህን መመለሻ ማታ ማታ ራቁቱን አታስቀሩት። ጥቂት ጋሪ ይደርበት። እዚህ ሜዳ ላይ ከመኪና መኪና እየዳበሰ የሚሄድ ሰው እኔ ብቻ እንዳልሆንኩ አሁን ነው የገባኝ፤ ሌሎቹም እንደኔ አይናገሩም። ለእነሱም ይሆናል።"

ባቡሩ ከሥራ አስኪያጁ በፊት እሺ አለ።

ባሌ ገና እንደቆመ ነበር። እናቴ ወደ እሱ ዞረችና የዩኒፎርሙን ኮሌታ አስተካከለችለት፤ የታጠፈ ነገር ሳታስተካክል ማለፍ አትችልም። አውቶቡስህ በሩን ከፍቶ ሰው ይጠብቃል፣ እዚህ ምን ትሠራለህ፣ ሂድ አለችው። ሄደ። አጥሩን አልፎ ወደ አውቶቡሱ ሲወጣ ከተሳፋሪዎቹ አንዲት አዛውንት ከወንበራቸው ተነስተው እጁን ያዙት፤ ምን እንዳሉት እስከ ዛሬ አልነገረኝም።

እኛም ወደ በሩ ሄድን። እናቴ ጋሪውን እየገፋች ከፊት፣ እኔ ከኋላ። ቀስ ብላ ነው የሄደችው፤ አሁን እንደማትቸኩል ማስመሰል አላስፈለጋትም፤ ደክሟት ስትቆምም መስታወት አልመረመረችም፤ ደክሟት ቆመች። ጭንቅላቷ ግን እንደ ወትሮው ቀና ያለ ነበር። መቼም እናቴን ስትሄድ አይቻታለሁ፤ በነጭ ጋዋን ኮሪደር ለኮሪደር፣ በሠርጌ ቀን በሰው መሀል። እንደዚያ ጠዋት አምራ አይቻት አላውቅም። መንገደኛውን ሁሉ አስቁሜ እናቴ ናት ማለት አምሮኝ ነበር። ዱቄቱን ገዛን፣ ጫንን፣ ጋሪውን በራሷ እጅ መመለሻው ውስጥ ከተተችው።

ይህን ያነበበ ጋሪ ጣይ ሁሉ ከእንግዲህ ለደካሞች ብዬ ነው የተውኩት እንዳይለኝ እሰጋለሁ። አይበለኝ። ባሌ ያን ጋሪ ያቆመው ዞሮ ሰው አይቶ ነው። አንተ ትተህ ስትሄድ ማንን አይተህ ነበር? ካላየህ መልሰው።

ያን ቅዳሜ ምሳ ላይ እናቴ ስለ ጠዋቱ አንድም ቃል አላነሳችም። ባሌም እንደ ልማዱ ዝም ብሎ በላ። እኔ መሀላቸው ተቀምጬ ሁለቱንም በየተራ እያየሁ፣ የሚናገር ሰው ባገኘሁ እያልኩ ልፈነዳ ደርሼ ነበር። ሰሃኖቹ ከተነሱ በኋላ እናቴ ፎጣዋን አጥፋ አስቀመጠችና ቀና አለች።

"አቶ ሹፌር።"

"አቤት፣ ሲስተር።"

"የዛሬው ጋሪ የፊት ጎማው ይጮሃል። ስታመጣ ትንሽ ገፋ አድርገህ ሞክረው።"

"ከእንግዲህ እኮ ጋሪው እዚያው ያድራል" አልኳት እኔ፤ አላስቻለኝም።

"አንቺን ማን ጠየቀሽ" አለች። "እሱ የሚያመጣው ይሻላል።"

ባሌ እሺ አለ፤ ፈገግታውን ለመደበቅ የውሃ ብርጭቆውን አነሳ። የመኪናው ቁልፍ ምስማሩ ላይ ተሰቅሏል። ጓሮ ከዘራው አሁንም ቲማቲም ይደግፋል፤ ስለ እሱ ያነሳ ሰው የለም፤ እኔም ለጊዜው አላነሳሁም።